የካርቶን ሒሳብና የዝናብ ሒሳብ

የአንባቢያን ጥያቄና የአንድ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ አራት ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው አንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ፤ ሒሳብን በፕሮጀክት ማስተማር። እኔ ጠመኔ ይዤ የቆምኩት 31 ዓመት ነው። ፕሮጀክት የሚባለውን የሞከርኩት ግን ከ17ኛው ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም የመጀመሪያው በ58 ተማሪ ፊት አሳፍሮኛል። ያንን ታሪክ መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ።

*

«ጋሼ፣ የ5ኛ ክፍል ልጄ የሒሳብ ፕሮጀክት ታዞ መጣ፤ ጠጣር ምስሎችን በካርቶን ሠርቶ ማምጣት። ከሥራ ገብቼ እስከ እኩለ ሌሊት ኮላ ስቀባ አመሸሁ። ኪዩቡን እኔ፣ ሲሊንደሩን አባቱ ሠራን። ኮኑ እምቢ ሲለን ሰፈራችን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት 150 ብር ከፍለን አሠራን። ልጁ ከመሐል ተኝቷል። ውጤቱ 10 ከ10። ይሄ ነው እንዴ ፕሮጀክት?» (የአንድ ተማሪ እናት፣ ከአያት)

እህቴ፣ 10ሩ ለሦስት ይካፈላል፤ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ 3.33 ይደርሳችኋል። እንኳን ደስ ያላችሁ።

እኔም በዘመኔ እንዲህ ያለ ካርቶን በመቶ የሚቆጠር ተቀብዬ ማርክ ሰጥቻለሁ። ሰኔ ላይ ቢሮው ጥግ ተከምሮ የአይጥ ቤት ሲሆን ጽዳቷ እየረገመችኝ ታቃጥለው ነበር። ካርቶን መቁረጥ ጥሩ የእጅ ሥራ ነው። ሒሳብ የሚሆነው ግን ጥያቄ ሲኖረው ነው። ጥያቄ ያልኩት ደግሞ መልሱ ልክ ወይም ስሕተት ሊሆን የሚችለውን ነው፤ የእናንተ ኪዩብ ስሕተት ሊሆን የሚችልበት መንገድ አልነበረውም፤ ቢበዛ ይጣመማል።

ያንኑ ካርቶን ይዘን ትንሽ እናዙረው። ለልጅዎ አንድ ኤ4 ወረቀት ይስጡት፤ 29.7 በ21 ሳንቲ ሜትር ነው። ከአራቱም ማዕዘን እኩል እኩል ካሬ ቆርጦ፣ ጎኖቹን ወደ ላይ አጥፎ ክዳን የሌለው ሳጥን ይሥራ። ጥያቄው፦ ብዙ ምስር የሚይዘው ሳጥን የሚወጣው ስንት ሳንቲ ሜትር ሲቆረጥ ነው? አብዛኛው ልጅ መጀመሪያ ትንሽ መቁረጥ ይሻላል ይላል፤ ወረቀቱ እንዳይባክን። በ3 ሳንቲ ሜትር ሲቆርጥ 1066.5 ኩብ ሳንቲ ሜትር ያገኛል። በ4 ሲቆርጥ 1128.4። ደስ ብሎት በ5 ይቆርጣል፤ ወደ 1083.5 ይወርድበታል። እዚህ ጋ ልጁ ዝም ይላል። ያንን ዝምታ እኔ በ10 ከ10 አልለውጠውም። ከዚያ በ4 ከሩብ፣ በ3.9 እያለ ወረቀት ይጨርስብዎታል፤ ይፍቀዱለት። ምስሩን እየሞላ በስኒ ሲሰፍር ማባዛቱና ስፍሩ አንድ መሆናቸውን በዓይኑ ያያል።

ለመምህሩ ደግሞ አንድ መስመር ማስታወሻ ይላኩለት፦ «ፕሮጀክቱ ክፍል ውስጥ ይሠራልን።» ቤት የሚሠራ ፕሮጀክት የወላጅ ፈተና ነው።

*

«መምህር፣ 26 ዓመቴ ነው፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ 64 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ። ሥልጠና ላይ በፕሮጀክት አስተምሩ ተባልን። በቡድን ስመድባቸው አንዱ ይሠራል፣ የቀሩት ስም ያስጽፋሉ። ርዕሰ መምህሬ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ውጤት እንዲህ በሆነበት ዘመን ጨዋታውን ትተህ መጽሐፉን ጨርስ ይለኛል። ከየት ልጀምር?» (ከደብረ ብርሃን)

ልጄ ብልህ ቅር አይበልህ። ርዕሰ መምህርህ የፈራው በከንቱ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል እኔ ጡረተኛው እንቅልፍ አጥቻለሁ። ዳሩ ግን መጽሐፉማ በየዓመቱ ሲጨረስ ኖሯል።

በዓመት አንድ ፕሮጀክት ሥራ፤ አንድ ብቻ። እሱንም መልሱን አንተም የማታውቀው፣ ግን አንድ ሰው የሚፈልገው ቁጥር ላይ ሥራው። የኔን ልንገርህ።

የነበርኩበት ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ዳር ነው፤ ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን። ርዕሰ መምህሩ ከወላጅ መምህር ኅብረት ገንዘብ አሰባስቦ 5000 ሊትር ሮቶ ገዝቶ የዝናብ ውኃ ከጣሪያ ሊያጠራቅም አስቧል። ጥያቄውን እንዳለ ለ7ኛ «ለ» ይዤላቸው ገባሁ፦ ይሄ ጣሪያ ስንት ሊትር ይሰጣል? 5000ውስ ይበቃል?

በአራት በአራት መደብኳቸውና ወጥተው የክፍሉን ሕንፃ በገመድ ለኩ። 16 ቡድን 16 ቁጥር ይዞ መጣ፤ ርዝመቱ ለአንዱ 23.6 ሜትር፣ ለሌላው 24.3። ሁሉም የኔ ነው ልክ አለ። አማካይ የሚባለውን ያን ቀን አስተማርኩ፤ የፈለጉት እነሱ ናቸውና አልከበደኝም። 24 በ8 ሜትር ተስማማን፤ 192 ካሬ ሜትር።

ከዚያ ጠብ ተነሣ። አንድ ልጅ «ጣሪያው ተዳፋት ነው፤ ቆርቆሮው ከ8 ሜትር ይበልጣል፤ ስለዚህ ስፋቱ ከ192 ይበልጣል» አለ። እውነቱን ነው፣ ቆርቆሮው ይበልጣል። ግማሹ ክፍል ተከተለው። እኔ አፌን ያዝኩ፤ ምላሴን ነክሼ ማለት ይሻላል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ደብተሯን ይዛ በመስኮቱ በኩል በሚገባው ፀሐይ ላይ አጋደለችው። «ጥላውን እዩ» አለች። «ደብተሩ ያው ነው፤ ሳጋድለው ጥላው ያንሳል። ዝናቡም ከላይ ነው የሚወርደው። የሚቆጠረው ቆርቆሮው ሳይሆን ከሥሩ ያለው መሬት ነው።» ደወል ተደወለ፤ ማንም አልወጣም። እንዲህ ያለ ደቂቃ በ31 ዓመት ውስጥ በጣቴ የምቆጥረው ነው።

ዝናቡን የለካነው በሃይላንድ ነው። አፉን ቆርጠህ ትጥላለህ፤ ግን የሃይላንድ መቀመጫ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ማስመሪያው ይዋሻል። ስለዚህ ጉብጠቱ እስኪሸፈን ውኃ ታደርግና እዚያ ላይ ዜሮ ብለህ ታሰምራለህ። ይህን ያገኙት ልጆቹ ናቸው፤ እኔ ሁለት ቀን የተሳሳተ ቁጥር ስጽፍ ነበር።

አሁን ደግሞ ተቸገሩ። ሚሊ ሜትር ዝናብ ወደ ሊትር እንዴት ይቀየራል? ጠመኔ ያነሣሁት እዚህ ላይ ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር በ0.001 ሜትር፤ 0.001 ሜትር ኩብ፤ 1 ሊትር። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ከዚያ ወደ መጽሐፉ ገብተን የይዘትን ምዕራፍ ጥያቄዎች አንድም ሳናስቀር ሠራን፤ ቀጥታ ትምህርት፣ መልመጃ፣ የቤት ሥራ። ፕሮጀክት ነው ብለህ መምህርነትህን እንዳታስረክብ። ልጁ ፓይን ራሱ ያግኘው ብለህ ብትቀመጥ ጡረታህ ይቀድመዋል። የምትቀይረው ሰዓቱን ብቻ ነው፤ ከተቸገሩ በኋላ ስታስተምር አንድ ጊዜ ይበቃሃል።

በሚያዝያ አንድ ከሰዓት 3 ሚሊ ሜትር ዘነበ። 192 ጊዜ 3፣ 576 ሊትር ጠበቅን። አጠገባችን ከሚሠራ ሕንፃ ሦስት በርሜል ለምነን አሸንዳው ሥር ደርድረን ነበር። በ20 ሊትር ጀሪካን ስንሰፍረው 13 ጀሪካንና 5 ሊትር ሆነ፤ 265። ከግማሽ በታች! አንዱ «ሒሳብ ውሸት ነው» አለ። ሌላው ሮጦ ወጥቶ ሕንፃውን ዞረና ተመለሰ፦ አሸንዳ ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው። የወዲያኛው ተዳፋት ውኃ መሬት ላይ ነው የሚፈሰው። ስለዚህ የሚቆጠረው 96 ካሬ ሜትር፣ የሚጠበቀው 288 ሊትር። 265 ለ288፣ 92 በመቶ። የቀረው 8 በመቶ ቆርቆሮውን ያራሰውና በአሸንዳው መጋጠሚያ ያንጠባጠበው ነው። መቶኛ የሚለውን ምዕራፍ ከዚያ በኋላ ሳስተምር የሚያዛጋ አላየሁም።

የመጨረሻው ጥያቄ የርዕሰ መምህሩ ነበር። 1140 ተማሪ ለእጅ መታጠቢያ በቀን ግማሽ ግማሽ ሊትር ቢጠቀም 570 ሊትር ነው። 5000 ሊትር ለ9 ቀን እንኳ አይሞላም። ዋናው ዝናብ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ። መስከረም ላይ ሙሉ ሮቶ ይዘህ ትከፍታለህ፣ ጥቅምት ሳይጋመስ ደርቀህ ትቀመጣለህ። ልጆቹ ይህንኑ ጻፉ። ርዕሰ መምህሩ አልተደሰተም፤ እኔንም በጎሪጥ አየኝ። ቡድን ስድስት ግን ሌላ ቁጥር ጨምሮ ነበር፦ የቧንቧው ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣ፣ ማቆየት ያለብን ቢበዛ የአራት ቀኑን ነው፤ 570 ጊዜ 4፣ 2280 ሊትር። ከዝናቡ ይልቅ በቧንቧው ቀን ይሞላ፤ 3000ው ይበቃል። 3000ውን ገዛ። በተረፈው ምን እንደ ገዛ አልጠየቅኩም።

ስም ማስጻፍን በተመለከተ መድኃኒቱ ዕጣ ነው። ሪፖርቱን የሚያቀርበው ማን እንደሆነ በዚያው ደቂቃ በዕጣ ይወጣል፤ የቡድኑ ማርክ እሱ የሚያገኘው ነው። ጎበዙ ልጅ ሰነፉን ማታ ማታ ሲያስጠና ታያለህ። ከተከታታይ ምዘናው 10 ማርክ ለዚህ መድብ፤ ግማሹን በቡድን፣ ግማሹን እያንዳንዱ ለብቻው በሚፈተነው አምስት ጥያቄ ስጥ። ሁሉንም በቡድን ከሰጠህ ያው አንድ ለአምስት ይሆንብሃል።

ለርዕሰ መምህርህ ደግሞ አትከራከረው። የምዕራፉን ፈተና ወረቀት አሳየው።

*

«መምህር፣ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 6ኛ ክፍል ናት። ሒሳብ የምትማረው በፕሮጀክት ነው፤ ፓርክ ትነድፋለች፣ የሱቅ በጀት ታወጣለች፣ ፖስተሯ ያምራል። 7 ጊዜ 8 ስንት ነው ስላት ግን ስልኳን ታወጣለች። እኔ በአርጩሜ የተማርኩት ይሻላል ልል ምንም አልቀረኝ። ባለቤቴ ደግሞ ‹ጾም መቼ ነው የሚገባው?› እያለች በየዓመቱ አገር ቤት ትደውላለች፤ እኛ ቤት ቁጥር የሚችል ሰው ጠፋ።» (አባት)

አርጩሜውን እዚያው ይተዉት። ስለ ማባዣው ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ። 7 ጊዜ 8 ለመፈለግ ስልክ የምታወጣ ልጅ እስክትመለስ ድረስ ዋናው ጥያቄ ከአእምሮዋ ወጥቷል። የኛ ደብተር ጀርባ ላይ የታተመው የማባዣ ሠንጠረዥ በፕሮጀክት አይተካም። በቀን አሥር ደቂቃ፣ ሳይቆጡ፣ መኪና ውስጥ ያስደግሟት።

በፕሮጀክት ማስተማርን አዲስ ፋሽን ነው ብለው ከሆነ አይደለም። ዊልያም ኪልፓትሪክ የተባለ የኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ሰው እ.ኤ.አ. በ1918 ጽፎበታል፤ አሜሪካኖች ከዚያ ወዲህ አንዴ ሲያወድሱት አንዴ ሲጥሉት ኖረዋል። የልጅዎን ፖስተር ሲያዩ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ «ይሄ ቁጥር ለምን ሆነ?» መልስ ካላት ተምራለች። ዝም ካለች ቀለም ቀብታለች።

ባለቤትዎ የሚደውሉበት ጥያቄ ግን ወርቅ ነው። ለልጅቷ ይስጧት። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያናችን የጾምና የበዓል ቀን ማውጫ ስሌት፣ ማባዛትና ማካፈል ለምትችል ልጅ የተሠራ ፕሮጀክት ነው፤ የሚያስፈልገው እርሳስ ብቻ። የ2018ን አብረን እንሥራው።

5500 ሲደመር 2018፣ 7518። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይቀራል። ከቀሪው አንድ ይቀነሳል፤ 12፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበር በ11 ሲባዛ 132፤ በሠላሳ በሠላሳ ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ አበቅቴ። ወንበር በ19 ሲባዛ 228፤ በሠላሳ ሲገደፍ 18፤ መጥቅዕ። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነው። ለእያንዳንዱ የሳምንት ቀን የሚደመር የተወሰነ ቁጥር አለው፤ ተውሳክ ይባላል። የእሑድ ተውሳክ 7፤ 18 ሲደመር 7፣ 25፤ መባጃ ሐመር። ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ሰኞ ገባች። ከዚያ 69 ቀን ስትቆጥር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይመጣል። ካሌንደር አውጥታ ታረጋግጥ።

እስከዚህ ድረስ ስሌት ነው። አሁን ጥያቄውን ይጨምሩላት፦ የ2017ን ስትሠራ አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29 ይመጣል። የ2018ቱ 12ና 18። ሁለቱም ዓመት ድምሩ 30። ሌሎች አምስት ዓመታት ትሞክር። ለምንድን ነው? አይንገሯት። ሳምንት ይፍጅ። አንድ ቀን 11 እና 19 ሲደመሩ 30 መሆናቸውን ታያለች፤ አንድን ቁጥር በ11 አባዝተህ ያንኑ በ19 አባዝተህ ብትደምር በ30 እንዳባዛኸው ነው፤ ሠላሳ በሠላሳ ስትገድፍ ከሠላሳ ሌላ ምን ይተርፋል? ያ አልጀብራ ነው፤ ኤክስ ሳይጻፍ የመጣ አልጀብራ። ወንበር ዜሮ የሚሆንበት ዓመት ሲገጥማት ግን ሁለቱም ዜሮ ይሆኑባትና ትናደዳለች፤ አባቶቻችን በዚያ ዓመት አበቅቴን ዜሮ፣ መጥቅዕን 30 ብለው እንዳስቀመጡት ያን ጊዜ ይንገሯት።

የሚቀጥለው ዓመት ጾም መግቢያን አገር ቤት ደውላ የምትነግረው እሷ ትሁን። ሴት አያቷ ስልኩ ላይ እልል ሲሉ የምትሰማው ከማንኛውም ፖስተር ማርክ ይበልጥባታል።

*

«መምህር፣ የባንዲራ መስቀያውን ቁመት በጥላ ልናስለካ አስበናል፤ ምስስል ጎነ ሦስት እያስተማርን ነው። ሚያዝያ ላይ ነው የሚደርሰን። የትኛው ሰዓት ይሻላል?» (የ8ኛ ክፍል መምህርት፣ ከባሕር ዳር)

ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ። እኩለ ቀን እንዳይሞክሩት። ያሳፈረኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያ ፕሮጀክቴ ነበር። አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 5፣ 58 ተማሪ፣ ሜትር፣ ገመድ፣ አንድ ሜትር እንጨት። ከስድስት ሰዓት በኋላ የነበረው ክፍለ ጊዜ የኔ ነውና ይዣቸው ወጣሁ። የእንጨቱን ጥላ ለኩ ብል ጥላ የለም። የባንዲራው መስቀያ ጥላውን እግሩ ሥር ውጦታል። ልጆቹ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሰማዩን አዩ፤ ከዚያ ሳቁ። እኔም ቁመቱን በዜሮ ላካፍል ነበር።

ቤቴ ሄጄ ስመረምር ገባኝ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 ገደማና ነሐሴ 24 ገደማ፣ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። ሰዓቱም 6 ሰዓት ላይ አይደለም፤ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው፤ የእጅ ሰዓታችን የተሞላው ከኛ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ነዋ። እኔ ከዓመቱ ቀናት ሁሉ መርጬ ያንን ቀን፣ ያንን ሰዓት ነበር የያዝኩት። በማግስቱ ለተማሪዎቹ ነገርኳቸው። ምስስል ጎነ ሦስትን ረስተው ይሆናል፤ ያንን ግን ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ያነሡብኛል።

የእናንተ ቀን ከኛ አንድ ሳምንት ዘግይቶ፣ ሚያዝያ 12 ወይም 13 ገደማ ነው፤ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ። ከፈለጋችሁ ስሕተቴን ወደ ሌላ ፕሮጀክት አዙሩት። ሚያዝያ 5 ቀን አዲስ አበባ ላይ ጥላ ሲጠፋ ባሕር ዳር የተተከለ ቀጥ ያለ አንድ ሜትር እንጨት ወደ ሰሜን 4.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። ወረቀት ላይ በልኩ ስላችሁ ማዕዘኑን ብትለኩ ከ2.5 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል። 360ን ለዚያ አካፍሉና በሁለቱ ከተሞች የሰሜንና የደቡብ ርቀት አባዙት፤ 285 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአውቶቡሱን ኪሎ ሜትር እንዳትወስዱ፣ ከካርታ ላይ በማስመሪያ ለኩ። የምድር ዙሪያ ይወጣችኋል። ግሪካዊው ሊቅ ኤራቶስቴንስ ከ2200 ዓመት በፊት በአስዋንና በእስክንድርያ መካከል የሠራው ይህንኑ ነው።

ደመና ካልመጣ እኔም ያን ቀን ግቢዬ ውስጥ እንጨት እተክላለሁ። የእናንተን ልክ በሚሊ ሜትር ጻፉልኝ፤ ያለማስተካከል፣ እንደ ወጣ።